ከወቅቱ የቀደሙት ልብስ ሰፊ

የልብስ ሰፊውን የወንድም ልጅ ያገኘኋት በአጎቷ ሱቅ ደጃፍ ነው። በጤና ጣቢያ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት ነርስ ናት። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የተቀደደ ሱሪ ላሰፋ መምጣቴ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። “መምህር፣ እርስዎ ይቅደሙ”፣ “የለም፣ አንቺ ቅደሚ” ስንባባል ከውስጥ የወጣው ወበቅ ሁለታችንንም ወደ ኋላ መለሰን።

ሰፈሩ ልብስ ሰፊውን “ጋሽ ካፖርት” ይላቸዋል። በሙቀት ወራት ካፖርት፣ በብርድ ወራት ስስ ሸሚዝ ይሰፋሉ፤ ልብሱ ገዢው ከመምጣቱ በፊት መድረስ አለበትና። ይህ ባልከፋ። ክፋቱ እሳቸውም የሚኖሩት በሚሰፉት ልብስ ወቅት መሆኑ ነው! በብርድ በሸሚዝ ሆነው መስኮት ከፍተው ይንቀጠቀጣሉ። ዛሬ ደግሞ ሱፉ አቧራ እንዳይነካው መስኮቱን ጠርቅመው፣ የከሰል ካውያቸውን አግለው፣ የሱፍ ኮፍያ ደፍተው ተቀምጠዋል።

“በሩን ዝጊው ልጄ፣ አቧራ ይገባል” አሉ።

“አጎቴ፣ እንኳን አቧራ አየርም አይገባም! በዚህ ሐሩር የሱፍ ኮፍያ?”

“ልብስ ሰፊ ከወቅቱ ይቀድማል። ሲሞቀው ስለ ብርድ የማያስብ ሰው በእኔ ሙያ እንጀራ አይበላም።”

“መርፌዎ ይቅደም እንጂ! ሰውነትዎ ያለው ዛሬ ላይ ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ራሴን ይፈልጠኛል የሚሉኝስ ለምን ይመስልዎታል?”

“እሱ እርጅና ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ተረቱ አንጀቴን አርሶት ነበር፤ ወጣት ሲመክረን የምንቆጣ ዕድሜ ላይ ነንና።

ሱሪዬን ላስቀምጥ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወደተከመረው ሱፍ ጠጋ አልሁ። በክምሩ መካከል ትንሽ ፊት አየሁ። ክው አልሁ! ፊቱን በጣቴ አመለከትሁ።

“የልጅ ልጄ ነው” አሉ በኩራት። “እናቱ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ካፖርቱን እኔው ነኝ የሰፋሁለት፤ ድርብ ገበር አለው። ጨዋነቱ ደግሞ! ከጠዋት ጀምሮ አንዴ እንኳ አላለቀሰም።”

“አላለቀሰም?” የነርሷ ድምፅ ተለወጠ። ሕፃኑን ነጥቃ ቁልፎቹን በጠሰቻቸው። ፊቱ ቀልቷል፤ ክንዱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ።

“መምህር፣ እናቱን ይጥሩልኝ! ካውያውንም ያውጡት!”

“ኧረ ንፋስ ይመታዋል!” ብለው ሽማግሌው በሩ ላይ ተገተሩ።

“አጎቴ፣ እየገደለው ያለው ንፋስ አይደለም! ሙቀቱና የከሰሉ ጭስ ነው። ያሳልፉኝ!”

ገፍታቸው ወጥታ በበረንዳው ጥላ ልብሱን ገፈፈችው፤ ገላውን በእርጥብ ጨርቅ ታብስ፣ ታራግብ ጀመር። እናቱን ጠርቼ ይዣት ስመለስ ጋሽ ካፖርት ካፖርቷን ታቅፈው ይማጸናሉ።

“ራቁቱን አታድርጊው፣ በእናትሽ! የመጀመሪያ ልጄን የነጠቀኝ ብርድ ነው።”

“አውቃለሁ፣ አጎቴ። ግን ያ በብርድ ወራት ነበር። የዚያን ጊዜ ይህ ካፖርት ቢኖር መልካም ነበር። ወቅቱ ሲለወጥ አለባበሳችንም፣ መስኮታችንም አብሮ ካልተለወጠ ያው መድኃኒት መርዝ ይሆናል።”

ሽማግሌው ዐይናቸውን በሱቃቸው መስኮት ላይ ተከሉ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

“መስኮቱ ክፍት ነበር” አሉ።

“የቱ መስኮት?”

“ያን ጊዜ። ሸሚዝ እየሰፋሁ ነበር። ልጁ አጠገቤ ተኝቶ... መስኮቱን የከፈትሁት እኔ ነኝ።”

እናትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ የሞተው ወንድሟ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ብርድን ሲረግሙ የኖሩ ሰው፣ መስኮቱን ማን እንደከፈተው ያስታወሱት ገና ዛሬ ነው።

“በዚያ ብቻ ነው የሞተው ማለት አይቻልም፣ አጎቴ” አለች ነርሷ ቀስ ብላ። “ይኼኛው ግን ገና በእጃችን ነው።”

ይህን ስትል ሕፃኑ ተንፈራገጠ። አፉን ከፈተና ጩኸቱን አቀለጠው። ነርሷ ለእናቱ አስታቅፋ ወደ ጤና ጣቢያው ይዛቸው ሮጠች። ጋሽ ካፖርት ኮፍያቸውን ከራሳቸው መንጭቀው ጣሉና፣ በራ ራሳቸው ለፀሐይ ተሰጥቶ፣ እያለቀሱ ተከተሏቸው።

ሕፃኑ ዳነ። ከዚያ ወዲህ አዛውንቱ በሙቀት ወራት ማለዳ ተነሥተው ይሰፋሉ፣ እኩለ ቀን ላይ በጥላ ያርፋሉ፣ ስስ ልብስ ይለብሳሉ፣ ውኃ ያበዛሉ። ካውያው ደጅ ወጥቷል። ሲበርድ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ የራሳቸውን ካፖርት ይደርባሉ፣ ሲመሽ በጊዜ ይተኛሉ። የራስ ምታቱ ለቀቃቸው፣ እንቅልፋቸው ተመለሰ። የደንበኛም ልብስ አንድ ቀን አልዘገየም። አንባቢ ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው፤ ነገን እያሰብን ዛሬን እንልበስ።

ብርዱ ሲገባ ወደ ሱቁ ጎራ አልሁ። ያቺ ባለ ድርብ ገበር ካፖርት ጠብባው ልጁ ክንዱን አላስገባ ብሎ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል።

“ምነው፣ ጨዋው ልጅ?” አልኋቸው።

ሽማግሌው እጅጌዋን ተርትረው ሊያሰፉ መቀሳቸውን አነሡ።

“ይጩህ፣ መምህር” አሉኝ። “ጨዋ ልጅ አልፈልግም።”