የሁለት አገር ጣውላ ዋጋ ንጽጽርና የተወሰደው ስልክ

የቃል ሰጪው ስም፦ ስማቸው ፈረደ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የጣውላ አስመጪ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሀይፋ፣ ሀዳር ሃካርሜል
ቀን፦ ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ኤሊሻ ይሁዳ

የምሠራው ቲራት ካርሜል በሚገኝ፣ ጠንካራ ጣውላ ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ነው። ሥራዬ ከጋናና ከክሮኤሽያ የገዛነውን ጣውላ ዋጋ በየዓመቱ ማነጻጸር ነው። አለቃችን ሜራቭ በመጪው እሑድ ንጽጽሩን አይታ ከአንደኛው አገር መግዛት እንደምናቆም ነግራኛለች። ወሬው ቀድሞ ደላሎች ጆሮ ከገባ ዋጋ ይቆልሉብናል፤ እኔም ከእንጀራዬ እባረራለሁ።

በንጽጽሩ መሠረት ሁለቱ አገሮች እስከ 2021 ድረስ ተቀራርበው ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ የክሮኤሽያው ዋጋ ወርዷል፣ የጋናው ደግሞ እጥፍ ሆኗል፤ የገባልን ጣውላ ግን አልጨመረም። ከወደብ ጭነት የሚረከበው የአክስቴ ልጅ ክንፉ ነው፤ ሥራውን የያዘውም በዚያው ዓመት ነው። ዘመዴ ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ልዩነቱን ይበላል ብዬ ጠረጠርኩት።

ትናንት ከምሳ በኋላ ንጽጽሩን በስልኬ አሳይቼ ምክንያቱን ጠየቅሁት። በመሐል የእሱ ስልክ ጠራ። ወደ ውጭ ወጥቶ አነጋገረና ሲመለስ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። "ባትሪ አልቆብኛል፣ ስልክህን አንዴ አውሰኝ" አለኝ። አሁን ሲያወራበት የነበረ ስልክ እንዴት አለቀ ብዬ ነገሩ ከነከነኝ፤ ሆኖም ሰጠሁት። አልመለሰልኝም። ስጠይቀው በዕብራይስጡ "ቤሰደር፣ ቤሰደር"፣ እሺ እሺ፣ "ነገ" ይለኛል። ከሜራቭ ጋር በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው። ወትሮ ቁጣዋ የማይቻል ሴት እጄን ይዛ "ቤትህ ሂድና ዕረፍ" ስትለኝ፣ ልታባርረኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ስወጣ ክንፉ ከግቢው ሸራና አግዳሚ ወንበሮች መኪና ላይ ሲጭን አገኘሁት። ለማን እንደሆነ ብጠይቀው "ለሰው ነው" ብሎ ዐይኑን አሸሸብኝ። የድርጅቱን ንብረት በጠራራ ፀሐይ ይዘርፋል አልኩ።

ዛሬ ገና ሳይነጋጋ ከቤቴ ወጥቼ ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ። ክንፉ ስልኬን ከነንጽጽሩ የወሰደው ለደላላ ሊሸጠው ነው ብዬ አመለከትኩ።

ይህን ቃል እየሰጠሁ ሳለ መርማሪው ለክንፉ ደወለ። ክንፉ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ፤ ብቻውን ግን አልነበረም። አንድ ቄስና ከአጎራባቹ ከነሸር ከተማ የመጡ ሽማግሌዎች አብረውት ነበሩ። ማልደው ቤቴ ሄደው አጥተውኛል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ የሰው በር የሚያንኳኳው ለመርዶ ነው። ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ክንፉ ስልኬን መለሰልኝና "ብቻህን ሆነህ ከስልክ እንዳትሰማ ብዬ ነው የያዝኩት። እትዬ ይመኙሻል ዐረፉ" አለኝ። ይመኙሻል ጎንደር ሆና ወደዚህ ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ተራ ስትጠብቅ የኖረች እናቴ ናት።

አቤቱታዬን አንስቻለሁ። የጋናው ዋጋ ለምን እንደጨመረ ዛሬም አላውቅም፤ ዛሬ የምጠይቅበት አንደበትም የለኝም። ክንፉን ሌባ ማለቴ ግን ስሕተት ነው ተብሎ ይጻፍልኝ። የቀረው ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት መሆኑን፣ ቃሌም ተነቦልኝ መስማማቴን አረጋግጣለሁ።

የመርማሪው ፊርማ፦ ኤሊሻ ይሁዳ

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ብዕር መያዝ ስላልቻለ የአክስቱ ልጅ ክንፉ እጁን ደግፎለት በጣት አሻራ ፈርሟል።