የማይታየው ብየዳ

ዛሬ ጠዋት ከጎፋ ወደ ለቡ መብራት ኃይል በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ወንድና ሴት ሊሸጡ ያሰቡትን የሳይክል ፍሬም የት እንደሚያሠሩ ይከራከሩ ነበር።

«ከቻይና እናስመጣው ብዬሽ ነበር።»

«ለአስር ፍሬም ብሎ ማን ይሠራልናል? በብዛት ካላዘዛችሁ አይሆንም አሉን እኮ።»

«እሺ፣ ጎፋ ያለው በያጅስ? የመጀመሪያውን ጨረሰልሽ?»

«ትናንት አስረከበኝ። ብታየው እንዴት እንደሚያምር! ብየዳው የቱ ጋ እንዳለ እንኳን አይታወቅም።»

«እንዴት አይታወቅም?»

«በግራይንደር ልጎ፣ ስቱኮ ቀብቶ፣ ቀለም ነፋበት። የግቢ በር ሁሌ እንደዚህ ነው የምሠራው አለኝ።»

«ብየዳውን ላገው?»

«ምነው?»

«ቱቦዎቹን የያዛቸው እኮ እሱ ነው! እሱን ልጎ ካነሳው ምን ቀረ? በር ሰው ጭኖ ቁልቁለት አይወርድም።»

«ወይኔ! እኔ ደግሞ እጅህ ይባረክ ብዬው መጣሁ።»

«ግድ የለም፣ ሌሎቹን እናስቆመዋለን። ያስረከበሽ ፍሬም ቤት ነው ያለው?»

«ወንድሜ ጎማና ፍሬን ገጥሞለት ወስዶታል።»

«የት?»

«ቁልቁለት ላይ ልሞክረው ብሎ ወጣ።»

«ደውዪለታ!»

«እየደወልኩ ነው። ሲነዳ ስልክ አያነሳም።»

«ድገሚው።»

«ይጠራል።»

«ድገሚው እንጂ!»

እኔም የተደገፍኩትን የወንበር ብረት ብየዳው የቱ ጋ እንዳለ በጣቴ ዳብሼ ፈለግኩ፤ ልሙጥ ነው።