አማቼ በተደበደበበት ቀን «ሃፓና» ስለ ማለቴ

ስም፡ ባንታየሁ ይመኑ
ዕድሜ፡ በፓስፖርቱ 79፤ ተናጋሪው ግን «ሰባ ስድስት ነኝ፣ ያኔ የጻፈው ጸሐፊ ነው የተሳሳተው» ብለዋል
የጋብቻ ሁኔታ፡ ሚስት የሞተችባቸው
ሥራ፡ ቀድሞ በፍቼ ከተማ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፤ አሁን የለም
አድራሻ፡ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ በልጃቸው በወ/ሮ ሚዛን ባንታየሁ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፡ ሐሙስ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቋንቋ፡ አማርኛ። በመርማሪዋ ፊት አድምጦ የጻፈው አስተርጓሚ ታዲዮስ ነው።

ቃሌ በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ፣ እንደሚከተለው እናገራለሁ።

ሚስቴ አያልነሽ ከሞተችብኝ በኋላ፣ በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም.፣ ልጄ ሚዛን «ብቻዎን አይኖሩም» ብላ ከፍቼ አምጥታኝ ከእርሷና ከባሏ ከኪሩቤል ጋር ስኖር ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖኛል። ኪሩቤል ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እርሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ናይሮቢ ነው። ኤርፖርት ካርጎ ይሠራል። ስለ ምግቤና ስለ መኝታዬ ቅሬታ የለኝም። ይህም ይጻፍ። ቅሬታዬ አንተ ስለሚለኝ ነው።

ልጄ አንቱ ትለኛለች። አርባ አንድ ዓመት ወፍጮ ቤት ስሠራ እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ፣ ቄሱም ፖሊሱም፣ አንቱ ብሎኛል። ኪሩቤል ግን ከመጣሁባት ዕለት ጀምሮ «አንተ ባባ» ነው የሚለኝ። ሚዛን «አማርኛው ነው አባዬ፣ አይለይም» ትላለች። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል ግን ቆጥሬአለሁ። በ«ተ» እና በ«ቱ» መካከል ያለችው አንዲት ጭረት ናት። የአውሮፕላን ጭነት ወረቀት በሁለት ቋንቋ የሚያነብ ሰው አንዲት ጭረት አቃተችው? ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። በሁለተኛው፣ በገና ዕለት እንግዳ በተሰበሰበበት፣ «ኦኬ ባባ፣ አንቱ ና ብላ» አለኝ። እንግዶቹ ሳቁ። እርሱም አብሮ ሳቀ። እኔ ሳልበላ ገብቼ ተኛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂም ይዤበታለሁ።

ሚያዝያ ላይ ብቻዬን ወጥቼ መንገድ ጠፍቶብኝ አንድ የቦዳቦዳ ሞተር ነጂ አምጥቶ መለሰኝ። በማግስቱ ኪሩቤል የግቢውን ዘበኛ ሙዘሚልን «ባባ ብቻውን ጌት እንዳይወጣ» ብሎ አዘዘው። ሙዘሚል የሞያሌ ሰው ነው፣ አማርኛ ያውቃል። «አባባ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትእዛዝ ነው» አለኝ። ዘበኛው አንቱ ይለኛል፤ ያዘዘው ሰው አንተ ይለኛል።

ግንቦት ውስጥ፣ ቀኑን አላስታውስም፣ በሩ ላይ ከሙዘሚል ጋር ቆሜ ሳለ ስልክ ነጠቀ የተባለ ሰው ሲደበደብ አይቻለሁ። አንዲት ሴት «ምዊዚ» ብላ ስትጮህ ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ መንገዱ ሞላ። ምን ማለት ነው ብዬ ሙዘሚልን ጠየቅሁት። «ሌባ ማለት ነው። አባባ፣ ይቺ ቃል እዚህ አገር ሰው ታስገድላለች፣ በቀልድ እንኳ እንዳይጠሯት» አለኝ። ስለዚህ ቃሉን አውቀዋለሁ። ይህ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ሰኔ 7 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዕለቱ የሥላሴ ስለሆነ ለአያልነሽ ጧፍ ላበራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ወጣሁ። ሙዘሚል ከቤቱ ጀርባ መኪና ያጥብ ነበር። ጧፉን በጨርቅ ቦርሳ ይዤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ የሚቆምበት ደርሼ ሳለ ኪሩቤል በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣና «አንተ! የት ነው የምትሄደው? ና ግባ!» አለኝ። ሰው ይሰማል። «ተወኝ» አልኩት። «አንተ አትሰማም እንዴ? ትጠፋለህ!» ብሎ ተከትዬው እንድመለስ ቦርሳውን ከእጄ ነጠቀኝ። እኔም «ምዊዚ» አልኩ። መጀመሪያ በቀስታ ነበር። ቀጥሎ በሙሉ ድምፄ ሦስት ጊዜ ጮኽኩ።

ቦዳቦዳ ነጂዎቹ ወዲያው ከበቡት። አስር ይሆናሉ። ኪሩቤል በስዋሂሊ «ኒ ባባንጉ! ኒ ባባንጉ!» እያለ ጮኸ። አባቴ ነው ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ከነጂዎቹ በዕድሜ ጠና ያለው እጁን አንስቶ አስቆማቸውና ወደ እኔ ዞሮ «ምዜ፣ ሁዩ ኒ ምቶቶ ዋኮ?» አለኝ፤ ሽማግሌው፣ ይህ ልጅህ ነው ወይ ማለቱ ነው። ሁሉም አፍ አፌን አዩኝ። ኪሩቤልም አየኝ። «ሃፓና» አልኩ። አይደለም ማለት ነው። ውሸት አልተናገርኩም። ልጄ ሚዛን ናት፤ እርሱ አማቼ ነው።

ከዚያ መቱት። ዓይኔን አላዞርኩም። ደስ ብሎዎት ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ እስኪወድቅ ድረስ አዎ ብያለሁ። ከወደቀ በኋላ «ባሲ፣ ባሲ» ብያለሁ፤ በቃ ማለት ነው። የሰማኝ የለም። ሙዘሚል ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ መጥቶ በላዩ ላይ ተኝቶበት ነው ያስጣለው። ግራ ክንዱ ተሰብሯል፤ ሁለት ጥርሱ ወልቋል፤ ራሱ አሥራ አንድ ቦታ ተሰፍቷል።

ማክሰኞ ሰኔ 10 ቀን ሚዛን ሆስፒታል ወሰደችኝ። ኪሩቤል ባበጠ አፉ «ባባ አትፍራ። አንተ አላወቅክም። ለፖሊስ ነግሬያለሁ» አለኝ። ምን እንደነገራቸው ዛሬ እዚህ ተነበበልኝ። አማቴ ጃጅቷል፣ አእምሮው እየተወው ነው፣ ስዋሂሊ አያውቅም፣ አልከሰውም ብሏል። ምሬልሃለሁ ብሎ ጃጅቷል አሰኘኝ። እኔ በሰው ዱላ ተበቀልኩት፤ እርሱ ተኝቶ በአንድ ወረቀት ተበቀለኝ።

ልጄ ሚዛን ዛሬ ከመግባቴ በፊት ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ «አባዬ፣ እባክዎ አላውቅም ነበር ይበሉ። ፋይሉ ይዘጋል፣ ቤት እንሄዳለን» አለችኝ።
«አውቅ ነበር» አልኳት።
«እንግዲያው ይታሰራሉ።»
«ልታሰር።»
«እኔስ አባዬ?» አለችኝ።
እጄን ከእጇ አውጥቼ ገባሁ።

አስተርጓሚው ታዲዮስ በዕድሜዬ ምክንያት ግራ ተጋብቼ የሚል አንድ መስመር ጨምሮ አንብቦልኝ ነበር። ለእኔ አስቦ እንደሆነ ገብቶኛል። አሰርዤዋለሁ።

ሳልጃጅ፣ ሳልደነግጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የጠራሁት ቃል ምን እንደሚያስከትል አውቄ እንደጠራሁት፣ ስጠየቅም አውቄ እንደመለስኩ በዚህ ወረቀት ላይ አጸናለሁ። ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ተነብቦልኛል። ለጣት አሻራ ቀለም ቀርቦልኝ አልፈለግሁም፤ ስሜን በእጄ እጽፋለሁ።

ቃሉን የሰጠው፡ ባንታየሁ ይመኑ (በእጅ ጽሑፍ)

አስተርጓሚና ጸሐፊ፡ ታዲዮስ (ፊርማ)

ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ፡ (ፊርማና ማኅተም)

ሲነበብ በቦታው የነበሩ የቤተሰብ አባል፡ ወ/ሮ ሚዛን ባንታየሁ። እስከ መጨረሻው ሰምተዋል። ለመፈረም ፈቃደኛ ሳይሆኑ ወጥተዋል።