በሩን ዝጋና ልንገርህ

ሰቆጣ ውስጥ በአንዲት ክሊኒክ ድሬሰር ሳለሁ አገውኛ አልችልም ነበር። አማርኛ የማያውቅ በሽተኛ ሲመጣ በር ላይ ወጥቼ፣ «አገውኛ የሚችል!» ብዬ እጣራለሁ፤ ከተሰለፉት አንዱ ገብቶ ያስተረጉምልኛል። አንድ ቀን ከፃግብጂ መጥታ ሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ ገባች። ተጣራሁ። አንዲት ወይዘሮ ዘው አሉ፤ ለካ የልጅቱ አሠሪ ኖረዋል! ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «ራሴን ነው የሚያመኝ ትላለች» አሉኝ። አስፕሪን ሰጥቼ ሸኘኋት።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በትራቸውን ይዛ እየመራች። እኔም መዝገቤን ገልጬ፣ «አባቴ፣ ስሟ ማን ነው? የማን ልጅ ናት?» አልኳቸው።

«እኔ አላየኋት፣ ስሟንም አልነገረችኝ። የመረጠችኝም ለዚሁ ነው» አሉኝ። «ሕመሟን ግን ነግራኛለች። በሩን ዝጋና ልንገርህ፣ ልጄ።»

እንዴት እንዳፈርኩ! ስንቱን በሽተኛ በጎረቤቱ ፊት ሳናዝዝ ኖሬያለሁ! ብድግ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲያ ደጅ ወጥቼ አስተርጓሚ ተጣርቼ አላውቅም።

ምን ነበር ያመማት? እሱን እናንተም እንዳትጠይቁኝ።