የማላውቀው ሰው ላይ አልፈርድም

ወደ ኢስተን ሰፈር በሚሄደው አውቶብስ ከኋላዬ አንዲት የሕግ ተማሪና ለጁሪነት የተመረጡ አንድ አዛውንት ያወራሉ። በዚህ በስደት አገር ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት እንዲህ ከሕዝቡ የሚመረጡ ሰዎች ናቸው።

«የማላውቀው ሰው ላይ እንዴት ልፍረድ?»

«የመረጡዎት እኮ ስለማያውቁት ነው ጋሼ። ፌር እንዲሆን።»

«ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ሳያውቅ ይቀመጣል?»

«እዚህ ኮርት ውስጥ በሰሙት ብቻ ነው የሚፈርዱት።»

«ዳኛው ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር እንዳታወሩ አለን። የሚደብቀው ነገር ባይኖር እንዲህ ይላል?»

«ሕጉ ነው። ለእኔም መንገር አልነበረብዎትም።»

«አንቺን ደግሞ ማን ላከሽ?»

«ኧረ ማንም! ወደ ቤት እየገቡ ነው?»

«አይ፣ የተከሳሹ እናት ጋ። ቤቷ ብሌንደን ሰፈር መሆኑን አጠያይቄ ደረስኩበት። የልጁን ጠባይ ከወለደችው በላይ ማን ያውቃል?»

«ጋሼ፣ በእናትዎ ይመለሱ!»

«ይኸውልሽ! አስቀሪው ብለው ነው የላኩሽ።»

አዛውንቱ ሊወርዱ ሲነሱ፣ እንዳያልፉ ብዬ እግሬን ከመተላለፊያው ሳልሰበስብ ቀረሁ።