የገበሬውና የበሬው ስም

በደርግ ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣት የግብርና ሠራተኞች ለኮምፒውተር በጻፉት ፕሮግራም ይጨቃጨቃሉ። ወንዱ የገበሬዎችን መዝገብ፣ ሴቷ የበሬዎችን መዝገብ ጽፈዋል።

«ባለፈው ተራችን ያንቺን ክፍል ከኔ ጋር ሳስገባው ሁሉም ተበላሸ። ማሽኑን የገበሬውን ስም ስጠይቀው የበሬ ስም ይሰጠኛል።»

«አንተም ‹ስም› ብለሃል፣ እኔም ‹ስም› ብያለሁ። ማሽኑ የኋለኛውን ይዞ የፊተኛውን ይረሳል።»

«በሬ ስም ምን ያደርግለታል?»

«ስም የሌለው በሬ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«እንግዲያው ቀይሪው።»

«አርባ ገጽ ላይ አለ። አንተ ቀይር።»

«የኔ ስልሳ ነው። ማሽኑን የሰጡን ደግሞ ለነገ ጠዋት ብቻ ነው። ካመለጠን ሌላ ወር መጠበቅ ነው።»

ጫጫ ላይ ተሳፍረው አጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ገበሬ ጣልቃ ገቡ።

«ልጆቼ፣ ስም ለምን ትቀይራላችሁ? እኛ ቀዬ ሁለት ከበደ አለ። የላይ ሰፈሩ ከበደ፣ የታች ሰፈሩ ከበደ እንላለን እንጂ ዳግመኛ ክርስትና አናነሳቸውም።»



«ከስሙ በፊት የመዝገቡን ስም ማስቀደም ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «የሚነካው ሁለቱ መዝገቦች የሚገናኙበት ገጽ ብቻ ነው።»

«ስንት ገጽ ነው?»

«ሦስት።»

«ለሦስት ገጽ ነው ወር ሙሉ የተኳረፍነው?»

«ብቻ በሬውን ከገበሬው አታስቀድሙ» አሉ ሽማግሌው።

እኔም አባቴ ያርስበት የነበረውን በሬ፣ ዳለቻን፣ አዲስ አበባ እስክንደርስ በልቤ ስጠራው ቆየሁ።