ማንም ቢያሸንፍ ግድ የሌለው ሰው

አሜሪካ፣ ፕሪንስዳል ውስጥ አብሮኝ የሚኖረው ዳዊት በቤዝቦል ይወራረዳል እንጂ ቤዝቦል አያውቅም። ስልኩ ላይ የአወራራጆችን ኦድ፣ ማለትም የክፍያ ተመን፣ ሰዎች በውጤት ላይ እርስ በርስ ከሚገበያዩባቸው የትንበያ ገበያዎች ዋጋ ጋር ሲያስተያይ ይውላል። ዋጋቸው ሲራራቅ አንዱን ቡድን እዚህ፣ ተጋጣሚውን እዚያ ይይዛል። «ማንም ያሸንፍ፣ እኔ አልከስርም» ይላል። አንድ ቅዳሜ ምሽት ለእናቱ የአውሮፕላን ትኬት ያስቀመጠውን ገንዘብ በሁለቱም በኩል አስገባው። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ስልኩን እያየ ክው አለ። የአንዱ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ተቀይሯል። በአወራራጁ ደንብ ወርዋሪ ከተቀየረ ውርርዱ ይሰረዛል፤ በትንበያ ገበያው ግን ይጸናል። የአንዱ ቡድን ገንዘብ ተመለሰለት፣ በሌላው የያዘው ግን እዚያው ቀረ።

«አሁንስ ማን እንዲያሸንፍ ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

«ሰማያዊ የለበሱት» አለና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። «ዱላውን የያዙት የኛ ናቸው፤ ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?»

እኔም አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና ወደ መስኮቱ ዞሮ ማጉተምተም ጀመረ። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ለገብርኤል ጃንጥላ እየተሳለ ነው።

ሰማያዊዎቹ አሸነፉ። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንገናኝ ሁለት ጃንጥላ ታቅፏል።

«አንዱ የገብርኤል ነው፤ ሁለተኛውስ?» አልኩት።

«የሚካኤል» አለኝ ኮስተር ብሎ። «የትኛው እንደሚሰማኝ በምን አውቃለሁ? በሁለቱም በኩል ይዤ ነበር።»